የሐኪሙ አለቃ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

(ጎንደር፣ ፒያሳ ለተሰበሰቡ ታዳሚዎች የቀረበ ዲስኩር)



የተሰጠኝ ርእስ የሚያነካካ ነው፤ ታካሚ ፊት ለፊት ቆሞ የሚሠራው ሐኪም እና ሙያውን ከላይ ሆኖ የሚመራው ሐኪም ለምን ተራራቁ? እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደ አብዛኞቻችሁ አስታማሚ ነኝ፤ ካርድ ለማውጣት የተሰለፍሁ፣ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርሁ ሰው ነኝ። ከሁለቱ ወገኖች የአንዱንም እንጀራ ስለማልበላ ለሁለቱም የማይጥም ነገር ብናገር ይቅር እንደምትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምለውን ገና ከመነሻው ልናገር። በሐኪሙና በሙያው መሪዎች መካከል ያለው መካረር በደመወዝ የመጣ ይመስላል። የደመወዙ ነገር እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ከደመወዙ በታች ግን ሌላ ነገር አለ። ሐኪሙን የሚመሩት ሰዎች ለሐኪሙ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። የሾማቸው ከላይ ነው፤ የሚሽራቸውም ከላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያዩት ወደ ላይ ነው። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ደመወዙ ቢጨመርም ጠቡ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ጉዳይ ጎንደር ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥኖ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት እዚሁ ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ገብተው ሕንድ ያደጉት እኚህ ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጎንደር ስም ከሕክምና ጋር ይበልጥ የታሰረው ግን በጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው በደምቢያ በተነሣ በሽታ ሰበብ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደምቢያን ሜዳ የመታው ወባ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ከዚያ እልቂት ማግሥት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ የታሰበበት ትምህርት ነበር።

የዚያ ዘመን ጤና መኮንን በዞረበት ወረዳ ሁሉ ሐኪም ነበር፤ ሕዝቡም «ዶክተር» ብሎ ይጠራው ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ ጎንደር ላይ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ተመልሶ ተጀመረ። መክፈቱም፣ መዝጋቱም፣ እንደገና መክፈቱም የየራሱ ምክንያት አለው፤ አልፈርድም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። ንጉሣዊው መንግሥት፣ ደርግና ኢሕአዴግ በብዙ ነገር የማይገናኙ መንግሥታት ነበሩ፤ የጤና ባለሙያው ምን ይማር፣ ስንት ይሁን፣ የት ይሥራ የሚለውን ከላይ ወስኖ በማውረድ ግን ሦስቱም አንድ ነበሩ።

የዚህ ልማድ ትልቁ ማሳያ «ጎርፍ» የሚባለው ዘመን ነው። በ1990ዎቹ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። የጤና ሚኒስቴር መሪዎች መፍትሔ ያሉት ቁጥር ማብዛት ነው፤ የሚሄደው ቢሄድ የሚቀረው እንዲበዛ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ በአጭር ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ ነበር። በነባሮቹ ትምህርት ቤቶችም የተማሪው ቁጥር በእጥፍ ላይ እጥፍ ሆነ።

አሁን ሁለቱንም ወገን በእኩል ዓይን እንይ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የተቀመጠው መሪ የሚያየው ካርታ ነው። በካርታው ላይ የበየዳ ወረዳ አለ፣ ጃናሞራ አለ፣ ጠለምት አለ፤ ሐኪም የለም። ሐኪም እናብዛ ቢል ማን ይፈርድበታል? ዋርድ ውስጥ የሚያስተምረው ሐኪም የሚያየው ደግሞ አልጋ ነው። በአንድ በሽተኛ ዙሪያ የቆሙ ተማሪዎች በዝተው ከኋላ ያለው የበሽተኛውን ሆድ ሳይነካ ራውንድ ሲያልቅ ያያል። የአናቶሚ መምህር አልተጨመረም፣ አልጋ አልተጨመረም፣ ተማሪ ብቻ ተጨመረ ይላል። በእርሱስ ማን ይፈርድበታል? ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። የጎደለው ሁለቱ እውነቶች የሚገናኙበት ጠረጴዛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነው ደግሞ ሁለቱንም የሚያሳፍር ነው። ሐኪም ባጣች አገር ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ፣ ሥራ አጥ የሆኑ ሐኪሞች ታዩ። ቁጥሩን ያበዛው ውሳኔ መቅጠሪያ በጀቱን አላበዛውም ነበር።

ክቡራን ታዳሚዎች፤ በዚህ ላይ ተጠራቅሞ የፈነዳውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ 3,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋገሩ። በአገራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ስብሰባ ብዙ አልታየም፤ መደረጉ በጎ ነው። ብዙ ሐኪሞች ግን ከገቡበት ይልቅ ከፍቷቸው ወጡ፤ በየሆስፒታሉ ኢንተርኖች ሥራ እስከማቆም ደረሱ። ለምን? ስብሰባ ድርድር ስላልሆነ ነው። በስብሰባ ተናጋሪው ይናገራል፣ ሰሚው ያጨበጭባል ወይም ያጉረመርማል፤ ከአዳራሹ ሲወጣ ማንም በፊርማ የታሰረበት ነገር የለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ባሰበት ሆኖ መጣ። በ2017 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሚዲያ የተደራጁ የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄዎች ጽፈው ለመንግሥት የ30 ቀን ጊዜ ሰጡ። ደመወዝ አለበት፣ የዲዩቲ (የተረኛነት) ክፍያና የአደጋ ተጋላጭነት ክፍያ አለበት፣ ጤና ባለሙያው ራሱ ሲታመም የሚታከምበት ዋስትና አለበት። ቀኑ አለፈ። ግንቦት 5 ከፊል የሥራ ማቆም ተጀመረ፤ ግንቦት 11 ወደ ሙሉ ሥራ ማቆም አመራ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከጤና ሚኒስቴር ወደ ፖሊስ ተሻገረ። የፌዴራል ፖሊስ 47 ሰዎችን መያዙን አስታወቀ፤ በባሕር ዳር ከታሰሩት አንዱ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም የሆነው ዶክተር ዳንኤል ፈንታነህ ነበር። የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ከሥራ ታገደ፤ ፕሬዚዳንቱም ታሰሩ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ጨምሯል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ለሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሐኪሙም ደርሶታል። ቢሆንም ይህ ጭማሪ የተሰጠ እንጂ በድርድር የተገኘ አይደለም። የተሰጠ ነገር የኑሮ ውድነት ሲበላው እንደገና ወደ ሰጪው ዓይን ማየትን ያስከትላል። በውል የተገኘ ነገር ግን ውሉ ሲያልቅ ተቀምጦ መነጋገርን ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሐኪሞች ማኅበር የላቸውም እንዴ? አላቸው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ከአገራችን የሙያ ማኅበራት በዕድሜ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሕክምና መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ጉባኤ ያካሂዳል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ይናገራል። ታዲያ በ2017ቱ ቀውስ ወጣቱ ሐኪም በማኅበሩ ሳይሆን በማኅበራዊ ሚዲያ የተደራጀው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። የሙያ ማኅበር እና የሠራተኛ ማኅበር ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው። የሙያ ማኅበር ሥራው እውቀት፣ ጥራትና ሥነ ምግባር ነው፤ ስለ ደመወዝ ተደራድሮ የሚያስር ውል የመፈረም ሥልጣን የለውም። ያ ሥልጣን የሠራተኛ ማኅበር ነው፤ የመንግሥት ሐኪም ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀትና ቅሬታቸውን የማሰማት፣ ሥራ የማቆምም መብት እንዳላቸው ይጠቅሳል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚጠቀሙበት ግን ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም፤ የግሉን ሆስፒታልም ሥራ ማቆም ከማይቻልባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ይመድበዋል። እንግዲህ ሐኪሙ ሕገ መንግሥቱን ሲገልጥ መብት ያነባል፤ የሚጠቀምበት መንገድ ሲፈልግ አያገኝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ስለ መብት መናገር የፈለገ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር። እስከ 2011 ዓ.ም. በዚህ አዋጅ ሥር የኖሩ የሙያ ማኅበራት ወይ በድህነት ጸጥ አሉ፣ ወይ የሥልጠናና የፕሮጀክት አስፈጻሚ ሆኑ። ፕሮጀክት ደግሞ ከመንግሥት ጋር በመስማማት ይሠራል እንጂ በመከራከር አይሠራም። አዋጁ ተሻረ፤ ልማዱ ግን አብሮት አልተሻረም።

ሦስተኛው ምክንያት ወንበሩ ነው። እስቲ ሚኒስትሮቹን እንቁጠር። ዶክተር አሚር አማን ሐኪም ናቸው። ዶክተር ሊያ ታደሰ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው። ዛሬ ሚኒስቴሩን የሚመሩት ዶክተር መቅደስ ዳባም እንዲሁ። ዲዩቲ ምን እንደሆነ፣ ሌሊት የተጠራ ሐኪም ጠዋት እንዴት እንደሚውል ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ስለዚህ «አያውቁልንም» የሚለው ክስ አያስኬድም። የሚያውቅ ሰው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላ ቋንቋ እንዲናገር የሚያደርገው የተጠሪነቱ አቅጣጫ ነው።

ይህ ነገር ወደ ታች ስንወርድ ይበልጥ ይታያል። እዚህ ጎንደር ያለው ሐኪም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ ነው። ደባርቅ ሆስፒታል ያለው ጓደኛው የክልሉ ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው ሌላው ጓደኛቸው የሚሠራበት ተቋም ለጤና ሚኒስቴር ተጠሪ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን ተመርቀው፣ በአንድ ዓይነት ሌሊት አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሠርተው፣ የዲዩቲ ክፍያቸው ሲዘገይ ሦስት የተለያየ በር ያንኳኳሉ። ክልሉ በጀቱ አልተለቀቀም ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው መመሪያ አልደረሰንም ይላል፤ ሚኒስቴሩ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም ይላል። በመካከል የቆመው ሜዲካል ዳይሬክተር ነው። እርሱም ሐኪም ነው፤ ከላይ «ሥራው ለምን ቆመ?» ይባላል፣ ከታች «ብራችን የት ገባ?» ይባላል፤ በእጁ በጀት የለም፣ የመወሰን ሥልጣንም የለም። ብዙ ጥሩ ሐኪሞች ይህን ወንበር አንድ ጊዜ ቀምሰውት ሁለተኛ አንይህ ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ መካረር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1518 የተመሠረተ ነው፤ ከጎንደር ከተማ መቆርቆር በፊት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐኪም ያልሆኑ ረዳቶች የሐኪሙን ሥራ በከፊል ይሥሩ በሚለው ጉዳይ አባላቱ ልዩ ጉባኤ ጠርተው መሪዎቻቸውን አፋጠጡ። መሪዎቹ የአባላቱን አስተያየት በትክክል አላቀረቡም የሚል ክስ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ፕሬዚዳንቷ ከኃላፊነት ለቀቁ። ጉዳዩ የእኛን የጤና መኮንን ታሪክ የሚያስታውስ ነው። የሚለየው እዚያ አባላቱ ጉባኤ የሚጠሩበት ደንብ፣ መሪን የሚጠይቁበት ድምፅ ነበራቸው።

በደቡብ ኮሪያ በዚያው ዓመት መንግሥት ለሕክምና ትምህርት በየዓመቱ 2,000 ተማሪ እጨምራለሁ ሲል ወደ 10,000 የሚጠጉ ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። የሕክምና ማኅበራቸው መሪ በሁለት ወገን ተያዘ፤ መንግሥት አላመነውም፣ ወጣቶቹ ሐኪሞችም አልተከተሉትም። በኅዳር ወር የማኅበሩ ተወካዮች ድምፅ ሰጥተው ሻሩት። የኮሪያ ሐኪሞች በሕዝቡ ዘንድ ብዙ ተወቅሰዋል፤ የሽረቱ ነገር ግን ያስተምራል። የመረጡትን መሻር ይችሉ ነበር።

የቅርብ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ይበልጥ ትነግረናለች። እዚያ የሙያ ማኅበሩ ሌላ፣ የሐኪሞች የሠራተኛ ማኅበሩ ሌላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረመውን ውል አልፈጽም ሲል ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 ለ100 ቀናት ሥራ አቆሙ። ሰባት መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተፈቱ። በመጨረሻ የሃይማኖት አባቶች ሸምግለው ወደ ሥራ የመመለሻ ስምምነት ተፈረመ። መቶ ቀን ሕዝቡን ጎድቷል፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ኬንያዊው ባለሥልጣን ግን ሊያነጋግር ሲፈልግ የሚጠራው ሰው ነበረው፤ የጠራውም ሰው የፈረመውን አባላቱ ይቀበሉት ነበር። በእኛ ዘንድ በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለማነጋገር ቢፈልግ እንኳ ማንን ይጥራ? ስም የሌለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አይጠራም። ስሙ የታወቀው የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ታግዶ ነበር።

ክቡራን ታዳሚዎች፤ እስካሁን ስለ መሪዎቹ ነው የተናገርሁት። አሁን ወደ እናንተ፣ ነጭ ጋውን ወደለበሳችሁት ልዞር።

በመጀመሪያ የታካሚውን ነገር ላንሣ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም ሚኒስትሩ አይጎዳም፤ ሚኒስትር የሚታከምበት አያጣም። የሚጎዳው ከጃናሞራ በቃሬዛ ወርዶ፣ ደባርቅ አድሮ፣ ሪፈር ተጽፎለት ጎንደር የደረሰው ገበሬ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያ መንገድ ራሱ ሕመም ሆኗል። ሐኪሙም ቢሆን ከዚህ መከራ አላመለጠም፤ በጥር 2017 ዓ.ም. በባሕር ዳር በጥይት የተገደለው የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱ ዶክተር አንዷለም ዳኘ ስንት ሰው ሊያድን የሚችል እጅ ነበረው! ታካሚና ሐኪም በአንድ መከራ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሐኪሙ ጥያቄ በታካሚው ላይ የተነሣ አድማ መስሎ ከታየ ሐኪሙ ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ተሸንፏል። ሥራ ማቆም የመጨረሻው መሣሪያ ነው። በሕግ የተወሰነ፣ ድንገተኛ ክፍልን፣ ማዋለጃንና ጽኑ ሕሙማንን የማይነካ፣ ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ሞተ የምትሉ ሐኪሞች፣ መዋጮ የከፈላችሁት መቼ ነው? ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ስንቶቻችሁ ትገኛላችሁ? አባሉ የማይከፍልበት ማኅበር በለጋሽ ይኖራል፤ በለጋሽ የሚኖር ማኅበር ለለጋሹ ይታዘዛል። አባሉ የማይመርጥበት ማኅበር ጥቂት ሰዎች ተመራርጠው የሚቀመጡበት ይሆናል። ከዚያ «አይወክለንም» ይባላል። እርግጥ አይወክልም፤ ወካዩን የላከው የለምና።

ሦስተኛው የሚያምም ነው። መሪ በአንድ ጀንበር ከላይ አይወርድም፤ ዋርድ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሲኒየሩ ሬዚደንቱን በሰው ፊት የሚያዋርድ፣ ሬዚደንቱ በተራው ኢንተርኑን የሚያዋርድ፣ ኢንተርኑ ንዴቱን ነርሷ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ነገ ዳይሬክተር ሲሆን ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ተረኛነቱን ለታናሹ ትቶ ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄድ ስፔሻሊስት ስለ ፍትሕ ሲናገር ኢንተርኑ በልቡ ይስቃል። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ እንደ ባለጌ በሚቆጠርበት ዋርድ ያደገ መሪ፣ ሐኪሞች «ለምን?» ሲሉት እንደ ዐመፅ ቢያየው አይደንቅም። ሚኒስቴሩን የምትከሱበትን ነገር በየዲፓርትመንታችሁ ውስጥ መርምሩት።

ታዲያ ምን ይደረግ? አምስት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ቀላሉ ነው። በጽሑፍ ለቀረበ የባለሙያ ጥያቄ በጽሑፍ፣ ቀን በተቆረጠለት ጊዜ ውስጥ መልስ ይሰጥ። «አይቻልም» ማለትም መልስ ነው፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ሰው ይከራከርበታል። ዝምታ ግን ሰውን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አዲስ አዋጅም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የዲዩቲ ክፍያ ነው። ሐኪሙ ሌሊት ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳይዞር በጀቱ ለብቻው ይያዝ፤ ሆስፒታሉ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለክልል ወይም ለሚኒስቴር ተጠሪ ቢሆንም የሚከፈልበት ቀን አንድ ይሁን። ብዙ ጠብ የሚነሣው በብሩ ማነስ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈል ባለመታወቁም ነው።

ሦስተኛው በሆስፒታል ቦርድ ውስጥ በባለሙያዎቹ ድምፅ የተመረጠ ሰው ይቀመጥ። ዳይሬክተሩ በሚሾምበት ጊዜም ባልደረቦቹ ይጠየቁ። የጎንደር ሆስፒታልን ዋርዶች የሚያውቅ ሰው ጎንደር ውስጥ አለ፤ እርሱን ሳይጠይቁ መሾም ዳይሬክተሩን ራሱን ገና ሥራ ሳይጀምር ብቸኛ ማድረግ ነው።

አራተኛው ሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የጠየቀው ዝርዝር ሕግ ይውጣ። በሥራ ማቆም ጊዜ የማይቋረጡት አገልግሎቶች በስም ይዘርዘሩ፤ ድርድሩ ካልተሳካ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል ይቋቋም። የሥራ ክርክር በፖሊስ ጣቢያ አይፈታም። የሙያ ፈቃድም ታካሚን ለመጠበቅ የተሰጠ ነው፤ ደመወዝ የጠየቀን ሰው ማስፈራሪያ መሆን የለበትም። ማኅበርም ጥፋት አለው ከተባለ በፍርድ ቤት ይታይ፤ ከሌለው አይታገድ።

አምስተኛው የሐኪሞቹ ነው። ማኅበራችሁን ውረሱት። ክፈሉ፣ ምረጡ፣ ሒሳቡን ጠይቁ፣ የማይረባውን አውርዱ። የጎንደር ሐኪም የአዲስ አበባውን መሪ የሚመርጥበት፣ የደባርቁ ጠቅላላ ሐኪም ከፕሮፌሰሩ እኩል አንድ ድምፅ የሚኖረው ይሁን። ያኔ መንግሥትም የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል፤ እናንተም የምትጠይቁት መሪ ይኖራችኋል።

«ጊዜው ጦርነት ነው፣ አገር ደህና ስትሆን ይደርሳል» የሚል ይኖራል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ይህ ክልል ሐኪሙን እንደ ዛሬ የፈለገበት ጊዜ የለም፤ ሐኪሙም እንደ ዛሬ ለመሄድ የቀረበበት ጊዜ የለም። እዚህ ከተማ ሠልጥነው ዛሬ በሌላ አገር የሚሠሩትን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ስፔሻሊስት ለማፍራት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ለማጣት አንድ የአውሮፕላን ቲኬት ይበቃል። ሰላም እስኪመጣ እንጠብቅ ካልን ሰላሙ ሲመጣ የሚያክም ላናገኝ እንችላለን።

ስለዚህ ልማጸናችሁ። የሙያው መሪዎች ሆይ፣ ከላይ የሾማችሁ ቢኖርም ታች ያለው ሐኪም በእናንተ እምነት እንዲኖረው በሩን ክፈቱለት፤ ሲጠይቃችሁም መልሱለት። ሐኪሞች ሆይ፣ ጥያቄያችሁን በስማችሁና በማኅበራችሁ ጠይቁ፤ ከታካሚው ጋር ሆናችሁ እንጂ ታካሚውን በመያዣነት ይዛችሁ አትጠይቁ። የጎንደር ሕዝብ ሆይ፣ ሐኪም ሲያጉረመርም «ጠግቦ ነው» አትበሉ፤ የሚያክማችሁ ሰው ተርቦ፣ ታስሮ ወይም ተሰድዶ ከሆነ የተጎዳችሁት እናንተ ናችሁ። የሐኪሙ ጥያቄ የአስታማሚውም ጥያቄ ነውና እናንተንም ይመለከታችኋል።